መኪና ሳይነዱ በኩዌት፦ ለአረጋውያን ተጓዦች የከተማዋ መንገዶችና መጓጓዣዎች

ኩዌት ለበርካታ ኢትዮጵያውያን የሥራ አገር ናት። ከእነዚህ መካከል ኑሯቸውን ያደላደሉት እናት አባታቸውን ለጉብኝት መጋበዝ ይሻሉ። አገሪቱ ተቋርጦ የነበረውን የቤተሰብ ጉብኝት ቪዛ እ.ኤ.አ በየካቲት 2024 ዳግም ከጀመረች ወዲህ ይህ ምኞት ለብዙዎች ተስፋ ሆኗል። ነገር ግን ቪዛው ከተገኘና ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ልጅ ወደ ሥራ በሄደ ጊዜ መኪና የማይነዱት፣ ዐረብኛ የማያውቁት አባት ወይም እናት ቀኑን እንዴት ይውላሉ?

ለብዙዎች መልሱ ከአራት ግድግዳ መካከል መዋል ሆኗል። በአገራቸው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ማልደው የሚደርሱ፣ ገበያ የሚወጡ፣ ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች በልጃቸው ቤት ሳምንቱን ሙሉ ዓርብን ሲጠብቁ ይሰነብታሉ። ይህ ግን የግድ የሚሆን ነገር አይደለም። የከተማዋን አሠራር፣ የአድራሻ ሥርዓቷን፣ የመጓጓዣ ዓይነቶቿንና ጥቂት የዐረብኛ ቃላትን አስቀድሞ የተረዳ አረጋዊ በአብዛኞቹ የዓመቱ ወራት ራሱን ችሎ መንቀሳቀስ ይችላል።

ከተማዋ ለመኪና የሆነችበት ምክንያት

የዛሬዋ ኩዌት ከተማ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በግንብ የታጠረች፣ በዕንቁ ጠለቃና በባሕር ንግድ የምትተዳደር አነስተኛ ወደብ ነበረች። ሦስተኛውና የመጨረሻው ግንብ እ.ኤ.አ በ1920 ተሠራ። በ1938 በቡርጋን ነዳጅ ተገኘ፤ በ1946 የመጀመሪያው ነዳጅ ወደ ውጭ ተላከ። ሀብቱ በድንገት ሲመጣ መንግሥት ከተማዋን እንደ አዲስ ለመገንባት ወሰነ፤ በ1952 በብሪታንያውያን ባለሙያዎች የተዘጋጀው መሪ ዕቅድም ነዋሪዎችን ከግንቡ ውጭ ወደሚገነቡ አዳዲስ ሰፈሮች አወጣ። ግንቡ በ1957 ሲፈርስ ጥቂት በሮቹ ብቻ ለመታሰቢያ ቀሩ፤ የመጀመሪያው ቀለበት መንገድም በግንቡ መስመር ላይ ተዘረጋ።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ከባሕሩ እየራቀች በግማሽ ክብ በግማሽ ክብ እየሰፋች ሄደች። ቀለበት መንገዶቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቦታው ለአሮጌው ከተማና ለባሕሩ ይቀርባል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይርቃል። አንድ ተጓዥ “አራተኛው ቀለበት መንገድ አጠገብ” ሲባል ቢሰማ፣ ከመሃል ከተማው ምን ያህል እንደራቀ በግምት ማወቅ ይችላል።

ሰፈሮቹ ራሳቸው ደግሞ የታቀዱት እያንዳንዳቸው በራሳቸው የተሟሉ እንዲሆኑ ተደርገው ነው። በሰፈሩ መካከል መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና “ጀምዒያ” የሚባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ገበያ ይገኛሉ። ጀምዒያው ከአስቤዛ መሸጫው ባሻገር በዙሪያው ዳቦ ቤት፣ ፀጉር አስተካካይና መሰል አነስተኛ አገልግሎቶች የሚገኙበት የሰፈሩ እምብርት ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ ጠቃሚ መመሪያ ይወጣል። በሰፈር ውስጥ በእግር መንቀሳቀስ ይቻላል፤ ከሰፈር ወደ ሰፈር ግን በእግር ለመሄድ መሞከር አይገባም። ሰፈሮቹን የሚለያዩት ሰፋፊ ፈጣን መንገዶች ናቸውና በዓይን የሚታይ ሕንፃ እንኳ በእግር የማይደረስበት ሊሆን ይችላል። እግረኛ ማቋረጥ ያለበት በመሸጋገሪያ ድልድይ ወይም የትራፊክ መብራት ባለበት ቦታ ብቻ ነው።

አድራሻ፦ የሰፈር ስም ብቻውን አይበቃም

በአዲስ አበባ ሰው ቤቱን የሚያመለክተው በታወቀ ሕንፃ፣ በአደባባይ ወይም በቤተ ክርስቲያን ስም ነው። በኩዌት ደግሞ አድራሻ አራት ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ የሰፈሩ ስም ይመጣል፤ ለምሳሌ ሳልሚያ፣ ሐወሊ፣ ፈርዋኒያ ወይም ፈሓሒል። ቀጥሎ ሰፈሩ የተከፋፈለበት “ቂጥዓ” የሚባለው ክፍል በቁጥር ይገለጻል። ከዚያ “ሻሪዕ” ማለትም ጎዳና፣ አንዳንድ ጊዜም “ጃዳ” የሚባለው የውስጥ መንገድ ይከተላል። በመጨረሻ የቤቱ ወይም የሕንፃው ቁጥር ይነገራል። “ሳልሚያ ውሰደኝ” ብሎ ታክሲ ውስጥ መግባት “ቦሌ ውሰደኝ” እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሰፊ ስለሆነ ቂጥዓው ካልታወቀ ሹፌሩ ቤቱን አያገኘውም።

ከዚህ በተጨማሪ የሲቪል መረጃ ባለሥልጣን ለእያንዳንዱ ሕንፃ የሰጠው መለያ ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር በሕንፃው ላይ በተለጠፈ ሰሌዳ የሚገኝ ሲሆን፣ ባለሥልጣኑ ባዘጋጀው “ኩዌት ፋይንደር” በተሰኘው የስልክ መተግበሪያ ውስጥ ሲገባ ቦታውን በካርታ ያሳያል። ወላጆቹን የሚቀበል ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሊያደርገው የሚገባው ነገር የቤቱን ሙሉ አድራሻ፣ የሕንፃውን መለያ ቁጥርና የራሱን ስልክ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ በካርድ ጽፎ መስጠት ነው። ስልክ ባትሪው ሊያልቅ፣ ኢንተርኔቱም ሊቋረጥ ይችላል። በቦርሳ ወይም በኪስ ያለ ወረቀት ግን ሁልጊዜም ያገለግላል።

አውቶቡስ፦ ርካሹ መንገድ

ኩዌት ውስጥ ባቡርም ሆነ የምድር ውስጥ ባቡር የለም። የሕዝብ ማመላለሻው አውቶቡስ ነው። የኩዌት የሕዝብ ትራንስፖርት ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1962 የተቋቋመ ሲሆን፣ በኋላ ሲቲባስንና ኩዌት ገልፍ ሊንክን የመሳሰሉ የግል ድርጅቶች ገብተውበታል። በተመሳሳይ መስመር የተለያዩ ድርጅቶች አውቶቡሶች በአንድ ዓይነት ቁጥር ሲሠሩ ማየት የተለመደ ነው። በመሃል ከተማ ሚርቃብና ማሊያ ዋና ዋናዎቹ መነሻዎች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ወደ ሳልሚያ፣ ሐወሊ፣ ፈርዋኒያ፣ ጅሊብ አል ሹዩኽ፣ ፈሓሒልና ጀህራ መሄድ ይቻላል።

በአውቶቡስ የሚጓዙት በብዛት የውጭ አገር ሠራተኞች ናቸው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። የውጭ ዜጋ መንጃ ፈቃድ ለማግኘት በደንቡ ከተቀመጡት መመዘኛዎች መካከል 600 ዲናር የወር ደመወዝ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪና የሁለት ዓመት የነዋሪነት ጊዜ ለረጅም ዓመታት ሲጠየቁ ቆይተዋል፤ ለአንዳንድ ሙያዎች የተለየ አሠራር ቢኖርም። ስለዚህ አውቶቡስ ላይ የሚሳፈር አረጋዊ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚያገኘው እንደ እርሱ ከሩቅ አገር በመጡ ሰዎች መካከል ነው። እነዚህ ሰዎች የእንግዳን ችግር ያውቃሉና መንገድ ለማሳየት የሚሰንፉ አይደሉም።

የአሳፈሩ ሥርዓት ከአዲስ አበባው ይለያል። መዳረሻውን እየጠራ የሚያስገባ፣ “ወራጅ አለ” ሲባል የሚያስቆም ረዳት የለም። ተሳፋሪው በፊት በር ገብቶ ለሹፌሩ ይከፍልና ቲኬት ይቀበላል። በከተማው ውስጥ የአብዛኞቹ መስመሮች ዋጋ ከአንድ ዲናር በታች ስለሆነ፣ የሩብና የግማሽ ዲናር ኖቶችን መያዝ ያስፈልጋል፤ ለአሥር ወይም ለሃያ ዲናር ሹፌሩ መልስ ላይኖረው ይችላል። የፊት ወንበሮች በልማድ ለሴቶች የሚለቀቁ ናቸው፤ ለአረጋዊ ወንድም ቢሆን ሰው ተነሥቶ ቦታ መስጠቱ የተለመደ ነው። የፌርማታ ስም የሚነገርበት ጊዜ ጥቂት በመሆኑ፣ ሲገቡ መዳረሻን ለሹፌሩ ነግሮ ከፊት መቀመጡ ይመረጣል።

የአውቶቡስ ጉዞ ሁለት ድክመቶች አሉት። የመጀመሪያው በብዙ ፌርማታዎች ጥላ አለመኖሩ ወይም አነስተኛ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ በሚኬድበትና ከሰዓት በኋላ ሠራተኛ በሚመለስበት ጊዜ አውቶቡሶቹ ይጨናነቃሉ፤ የብዙዎች የዕረፍት ቀን በሆነው ዓርብ ደግሞ ማታ ማታ መቆሚያ ቦታ እንኳ ይጠፋል። ለአረጋዊ የሚስማማው ሠራተኛው ከገባ በኋላ፣ ፀሐይዋም ሳትበረታ ያለው የረፋድ ጊዜ ነው።

ታክሲ፦ ዋጋው ሳይታወቅ አይገባም

ታክሲ በኩዌት በሦስት መንገድ ይገኛል። በየጎዳናው እየተዘዋወረ የሚጭነው ታክሲ አንዱ ነው። በስልክ የሚጠራው፣ ከቤት በር ድረስ የሚመጣው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው እንደ ካሪም ባሉ የስልክ መተግበሪያዎች የሚታዘዘው ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሡት ታክሲዎች ደግሞ ለብቻቸው ተራ የሚይዙና ከሌሎቹ የሚወደዱ ናቸው።

ለአረጋዊ በጣም የሚመቸው በመተግበሪያ የሚታዘዘው ነው። ምክንያቱ ምቾት ብቻ አይደለም። ዋጋው አስቀድሞ ይታወቃል፤ መዳረሻው ተጽፎ ስለሚላክ ከሹፌሩ ጋር ብዙ መነጋገር አያስፈልግም፤ ከሁሉ በላይ ልጅ ከሥራ ቦታው ሆኖ በራሱ ስልክ ለእናቱ ማዘዝና ጉዞውን በካርታ መከታተል ይችላል። በጎዳና ላይ ለሚያዝ ታክሲ ግን ከመግባት በፊት ዋጋ መነጋገር ያስፈልጋል። “ከም?” የሚለው ቃል “ስንት?” ማለት ነው። መልሱን በትክክል መስማት ግን የራሱ ጣጣ አለው።

ሦስት ሠላሳ አይደለም፦ የቁጥርና የሰዓት ወጥመድ

አማርኛና ዐረብኛ ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸው። “ቤት” በዐረብኛ “በይት” ነው፤ “ራስ” ያው “ረእስ” ነው፤ “ሩብ” “ሩብዕ”፣ “ሰዓት” ደግሞ “ሳዓ” ይባላል። ይህ ዝምድና ለተማሪ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ለመንገደኛ አደገኛ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ እርሱም ቁጥር ነው።

በአማርኛ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ፣ ሰባና ሰማንያ የአሥር ብዜቶች ናቸው። በዐረብኛ ግን ለኢትዮጵያዊ ጆሮ “ሠላሳ” የሚመስለው ቃል ሦስት ነው። “አርበዓ” አራት፣ “ኸምሳ” አምስት፣ “ሰብዓ” ሰባት፣ “ሰማንያ” የሚመስለውም ስምንት ነው። አንዲት እናት ሹፌሩ “ኸምሳ” ሲል ሰምተው ሃምሳ ዲናር ተጠየቅሁ ብለው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም፤ የተጠየቁት ግን አምስት ነው። የዚህ ተቃራኒም ይደርሳል፤ ቂጥዓ አራት መውረድ የነበረበት ሰው “አርባ” የሚል ቁጥር ሲፈልግ ይንከራተታል።

መለያው ቀላል ነው። በዐረብኛ የአሥር ብዜቶች በአነጋገር “ኢን” በሚል ድምፅ ያበቃሉ፤ ሃምሳ “ኸምሲን”፣ አርባ “አርበዒን”፣ ሰባ “ሰብዒን” ይባላል። በመጨረሻው ላይ “ኢን” ካልተሰማ ቁጥሩ ከአሥር በታች ነው ማለት ይቻላል። ጥርጣሬ ካለ በጣት አሳይቶ ማረጋገጥ ነውር የለውም።

በጽሑፍም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቤት ሰሌዳዎችና በአንዳንድ የዋጋ ማሳያዎች ላይ የሚጻፉት በምሥራቁ የዐረብ ዓለም የተለመዱት አኃዞች ናቸው። በእነዚህ አኃዞች ዜሮ ነጥብ ብቻ ነው፤ ትንሽ ክብ ሆኖ ዜሮ የሚመስለው አምስት ነው፤ የእኛን 7 የሚመስለው ደግሞ ስድስት ነው። ንባቡ ግን እንደ እኛው ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በኩዌት ገንዘብ ኖቶች በአንደኛው ገጽ እነዚህ አኃዞች፣ በሌላኛው ገጽ በኢትዮጵያ የምናውቃቸው ቁጥሮች ስለሚገኙ፣ ኖቶቹን ገልብጦ ማየት ጥሩ መማሪያ ነው። አንድ ዲናር 1000 ፊልስ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

ሌላው ወጥመድ ሰዓት ነው። ኩዌትና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ስለሆኑ የእጅ ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግም። አቆጣጠሩ ግን በስድስት ሰዓት ይለያያል። ኢትዮጵያዊው ከንጋት ተነሥቶ ሲቆጥር፣ ኩዌት ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ትቆጥራለች። የሐኪም ቀጠሮ “ጠዋት ስምንት” ከተባለ በኢትዮጵያ አነጋገር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ታክሲው “በሦስት እመጣለሁ” ካለ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ ነው። ቀጠሮ የሚሰጥ ልጅ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ደግሞ ቢናገር ከንትርክ ያድናል። የቪዛው ማብቂያ ቀንም የሚቆጠረው በጎርጎርዮሳዊው ዘመን አቆጣጠር ነውና በኢትዮጵያ ቀን ተመንዝሮ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ተገቢ ነው።

ሙቀት፦ ቀልድ የማያውቀው እንቅፋት

እ.ኤ.አ ሐምሌ 21 ቀን 2016 በኩዌት ሚትሪባ በተባለ ቦታ 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል፤ የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅትም ይህን ልኬት አጽድቆታል። በሐምሌና በነሐሴ ከ45 ዲግሪ በላይ መሆን በኩዌት የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ ናት። ከእንዲህ ያለ አገር የመጣ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ለዚህ ሙቀት የተዘጋጀ አካል የለውም።

የኩዌት መንግሥት ከሰኔ 1 እስከ ነሐሴ 31 ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት በኢትዮጵያ አነጋገር፣ ከቤት ውጭ በፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል። ክልከላው የወጣው ለሠራተኞች ነው። ለአረጋዊ ተጓዥ ግን ከዚህ የተሻለ መመሪያ አይገኝም። ለጎልማሳ ሠራተኛ አደገኛ ተብሎ የተከለከለ ሰዓት ለሰባ ዓመት እናት የአውቶቡስ መጠበቂያ ሰዓት ሊሆን አይገባም።

የበረሃ ሙቀት አታላይ ነው። ላብ ቶሎ ስለሚደርቅ ሰው ውኃ እያጣ መሆኑን አያውቀውም። በተለይ ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር ሊመካከሩ ይገባል። ራስ ማዞር፣ መወላገድ፣ የንግግር መዛባት ሲታይ ጉዞውን አቋርጦ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ መግባት፣ ሰውነትን በውኃ ማቀዝቀዝና የአደጋ ጊዜ ስልክ በሆነው 112 መደወል ያስፈልጋል። በረመዳን ወር ቀን ቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ውኃ ሳይጠጣ መቆየት የማይችል ሰው በዚያ ወር የቀን ጉዞውን ቢቀንስ ይመረጣል። የማፍጠሪያ ሰዓት ሲቃረብም መንገዱ ይጨናነቃል፤ ታክሲም ይጠፋል።

ለጉብኝት የሚመረጠው ጊዜ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ነው። በዚህ ወቅት ቀኑ ለእግር ጉዞ የተመቸ ነው፤ የታኅሣሥና የጥር ሌሊቶች ግን ጋቢ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። የብሔራዊ ቀንና የነጻነት ቀን በሚከበሩባቸው የካቲት 25 እና 26 የባሕሩ ዳርቻ ጎዳና በመኪና ስለሚሞላ በእነዚያ ቀናት ርቆ አለመሄድ ይበጃል።

ለብቻ የሚደረስባቸው ቦታዎች

ለመጀመሪያ የብቻ ጉዞ የሙባረኪያ ገበያ ይመረጣል። በመሃል ከተማ፣ ከአውቶቡስ መነሻዎቹ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ መተላለፊያዎቹ ጣሪያ ያላቸው የቆየ ገበያ ነው። ቅመም፣ ቴምር፣ ዕጣንና ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥበት በመሆኑ መርካቶን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ መቀመጫ ያላቸው ሻይ ቤቶችም አሉት። በባሕሩ ዳርቻ የሚዘረጋው የእግረኞች መንገድ በክረምታቸው ጠዋት ለመንሸራሸር ይመቻል፤ እ.ኤ.አ በ1979 ለሕዝብ የተከፈቱት፣ ረጅሙ 187 ሜትር የሆነው የኩዌት ማማዎችም በዚያው አቅጣጫ ይታያሉ። በበጋ ደግሞ አየር ማቀዝቀዣ ያላቸው ሰፋፊ የገበያ ማዕከሎች የእግር ጉዞ ማድረጊያ ሆነው ያገለግላሉ። ምንም ሳይገዙ ውስጥ ለውስጥ መራመድ የብዙ ነዋሪዎች ልማድ ነው።

በመንገድ ላይ አረጋዊን ማክበር በኩዌትም የታወቀ ነገር ነው። ወጣቶች እናትን “ዩማ”፣ አባትን “ዩባ” ይላሉ፤ በዕድሜ የገፋን ሰው “ሐጂ” ብሎ መጥራትም የተለመደ ነው። በዚህ ስም የተጠራ ክርስቲያን አባት ሃይማኖቱን እንደተሳሳቱበት ሊቆጥረው አይገባም፤ ቃሉ በዚህ አገባቡ “አባባ” እንደማለት ነው።

ከቤተሰብ የሚጠበቀው

የወላጆች ነጻነት በአብዛኛው የሚወሰነው ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት በሚያደርጉት ዝግጅት ነው። በአንድ የዕረፍት ቀን ከወላጅ ጋር ወደ ጀምዒያው በእግር መሄድ፣ በሌላው ቀን አብሮ በአውቶቡስ ሙባረኪያ ደርሶ መመለስ፣ ሦስተኛውን ጉዞ ወላጅ መንገዱን እየመራ ልጅ ከኋላ እየተከተለ ማድረግ ይቻላል። በአራተኛው አረጋዊው ብቻውን ሊወጣ ይችላል። በኪሱ የአድራሻ ካርድ፣ በቦርሳው ውኃና የሚወስደው መድኃኒት፣ በእጁ የተሞላ ስልክና ጥቂት የሩብ ዲናር ኖቶች ከያዘ ለአብዛኛው ጉዳይ ተዘጋጅቷል።

ወላጆች ረጅም መንገድ አቋርጠው የሚመጡት የልጃቸውን ኑሮ ለማየት ነው። ኑሮው ደግሞ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ልጃቸው በየቀኑ የሚያልፍበት ጎዳና፣ የሚገበያይበት ገበያና የሚሳፈርበት አውቶቡስም ጭምር ነው። ይህን በገዛ እግራቸው ያዩ ወላጆች አገራቸው ሲመለሱ ስለ ልጃቸው የሚናገሩት በወሬ ሳይሆን በዓይናቸው ያረጋገጡትን ይሆናል።